የዓሣ ገንዳም እርሾ አለው

በጉርድ ሾላና በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች፣ አንዳንዱ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ አንዳንዱ ሱቅ ባንኮኒ ላይ፣ ዓሣ የሚዋኝበት የመስታወት ገንዳ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አኳሪየም የሚሉት ነው። ገንዳው በተገዛ ሰሞን ቤተሰቡ ሁሉ ይከበዋል፤ ሕፃናት አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ይውላሉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ግን ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ማለክለክ ይጀምራሉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ይገለበጣሉ። ያን ጊዜ «ዓይን በልቷቸው ነው» የሚል አይጠፋም። ሻጩን የሚያማም አለ። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ይስማማል፦ «ውሃው እኮ ኩልል ያለ ነበር!»

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኩልል ያለ ውሃና ለዓሣ የሚስማማ ውሃ አንድ አይደሉም። ዓሣን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ በዓይን የማይታየው ነገር ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳን ምክንያት አለ። በትምህርት መርጃ ክፍላችን ያለውን ገንዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት በሚደረገው ጠቅላላ ጽዳት «ገንዳውም ተገልብጦ፣ ጠጠሩ በኦሞ ታጥቦ፣ አዲስ ውሃ ይሞላበት» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ የመጣው ከቅንነት ነው። ነገር ግን እንደተባለው ቢደረግ ዓሣዎቹ ከልምምድ እስክንመለስ አይቆዩንም። ለምን? ከዚህ በታች ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሀ. በውሃው ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ዓሣ ይበላል፤ የበላውንም ያስወግዳል። ከሰውነቱ የሚወጣው ዋናው ቆሻሻ አሞኒያ ሲሆን አብዛኛው የሚወጣው በስንጥቡ በኩል ነው። የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም አሞኒያ ይሆናል። በወንዝና በሐይቅ ይህ ቆሻሻ በብዙ ውሃ ይበረዛል። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው የሚኖረውም፣ የሚበላውም፣ የሚጸዳዳውም በዚያችው አንድ ክፍል ነው። አሞኒያው ሲጠራቀም ስንጥቡን ይለበልበዋል፤ ዓሣውም ይታፈናል። ውሃው ይህ ሁሉ እየሆነበት ጥርት እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

ታዲያ አንዳንዱ ገንዳ ዓመት ከዓመት ደህና ሆኖ የሚኖረው እንዴት ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ እናቶቻችን ጓዳ ጎራ እንበል። ዱቄትና ውሃ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ እርሾ ያስፈልገዋል። ቡሃቃው ምጥጥ ብሎ ቢታጠብ፣ ለእርሾ የሚሆን ነገር ባይቀር፣ እናት ከጎረቤት ትበደራለች እንጂ ሊጡ በራሱ ቶሎ አይነሳላትም። የዓሣ ገንዳም እንደዚሁ የራሱ እርሾ አለው። ይኸውም በጠጠሩ፣ በስፖንጁና በመስታወቱ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ባክቴሪያዎቹ ሥራውን የሚሠሩት በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ቡናማ ያደርገዋል፤ ደሙም ኦክሲጅን መሸከም ይሳነዋል። ሁለተኛዎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ከሁለቱ እጅግ የቀለለ ነው፤ ዕፅዋት ይመገቡታል፤ የቀረውን እኛ ውሃ በመቀየር እናስወግደዋለን።

ይህን የባክቴሪያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ያብራራው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። ዓሣን በመስታወት ማኖር ግን ከዚያ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ወርቃማ ዓሣን፣ የውሃ ተክልንና ቀንድ አውጣን አንድ ላይ አድርጎ ውሃው ሳይበላሽ ማቆየት እንደሚቻል አሳየ። በ1853 ደግሞ የለንደን የእንስሳት ማቆያ የሕዝብ አኳሪየም ከፈተ። እንግዲህ ሰዎቹ ዘዴውን ያወቁት ምክንያቱን ከማወቃቸው በፊት ነበር ማለት ነው። እርሾን ያገኙ አያቶቻችንም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። የሊጥ እርሾ ከእርጥቡ ጋር ይቀዳል። የገንዳው እርሾ ግን በአብዛኛው ውሃው ውስጥ አይደለም፤ ዕቃው ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ ከውሃው ጥቂቱን መቀየር አይጎዳውም። ጠጠሩን በኦሞ፣ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ግን እርሾውን ጠራርጎ መጣል ነው። የጽዳቱን ሐሳብ የምንቃወመው በዚህ ምክንያት ነው።

ለ. አዲስ ገንዳ ለምን ይገድላል?

አዲስ ገንዳ እርሾ የለውም። ባክቴሪያዎቹ በቂ እስኪሆኑ ድረስ፣ ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ ውሃ ካልተሞቀ ከዚያ ስለሚቀዘቅዝ ጊዜው ይረዝማል። እንግዲህ ገንዳው ቅዳሜ ተገዝቶ እሑድ አሥር ዓሣ ሲገባበት ምን እንደሚከተል መገመት አያቅትም። በሁለተኛው ሳምንት አሞኒያው ጣሪያ ይነካል። ዓይን የበላቸው ነገር የለም፤ የበላቸው አሞኒያ ነው።

መፍትሔውም ያው የእናቶች መፍትሔ ነው፤ እርሾ መበደር። ደህና ዓሣ ካለበት ከቆየ ገንዳ ጥቂት ጠጠር ወይም ያገለገለ ስፖንጅ ወስዶ፣ ሳይደርቅ በዚያው ገንዳ ውሃ እንደረጠበ አዲሱ ውስጥ መጨመር ነው። ከዚያም በአንድ ወይም በሁለት ዓሣ መጀመር፣ ምግብ መቀነስ፣ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ መቀየር ያስፈልጋል። ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለባክቴሪያው ማደሪያም ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ የግድ አይደለም። ለግንባታ የሚደፋው ቀይ አሽ ቀዳዳው የበዛ ስለሆነ ባክቴሪያ በብዛት ይለጠፍበታል። አቧራው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ሌላ ጠጠር ከወንዝ ካመጣን ኮምጣጤ ጠብ እናድርግበት፤ ከፈላ ኖራነት አለውና የውሃውን ጠባይ ይለውጣል፤ እንተወው።

ሐ. የከተማችን ውሃና ከፍታችን

ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ ከሚመጣው ውሃ ብዙው ከለገዳዲ ግድብና ከጥልቅ ጉድጓዶች የሚገኝ ነው። ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል። ክሎሪን ለእኛ ጠባቂ ነው፤ ለዓሣ ስንጥብና ለገንዳው እርሾ ግን ጠላት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውሃውን አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ቀድቶ፣ አልፎ አልፎ እያማሰሉ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ማቆየት። ክዳኑ በተጠረቀመ ጀሪካን ውስጥ ግን ክሎሪኑ ቶሎ አይወጣም፤ ክዳኑ ይከፈት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ጠፍቶ የመጣ ውሃ መጀመሪያ ላይ ዝገት ይዞ ቡናማ ሆኖ ስለሚወርድ እስኪጠራ ይፍሰስ፤ የፈሰሰውም ለመጸዳጃ ወይም ለአትክልት ይጠራቀም። ሁለተኛ፣ የገንዳው ተራ በደረሰ ቀን ውሃ ሊጠፋ ስለሚችል አንድ ባልዲ ሁልጊዜ ቀድሞ ይቀመጥ። የክረምት ዝናብ ይሻላል የሚሉም አሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃ ግን ከቆርቆሮው ልባጥ ዚንክ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ዚንክ ደግሞ ለዓሣ መርዝ ነው።

ብዙዎቻችን የማናስበው ደግሞ ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነች። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። በመሆኑም 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ወለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ እዚህ ወደ 7 ዝቅ ይላል። በውጭ አገር መጽሐፍ «ይህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ይይዛል» የሚለው ስሌት ለቆላ እንጂ ለደጋ አልተሠራም። እኛ ከዚያ አሳንሰን መጀመር አለብን። 45 ሊትር በያዘ ገንዳ ከአምስት ወይም ከስድስት የማይበልጡ ትንንሽ ዓሣዎች ይበቃሉ። ወርቃማ ዓሣ ግን እያደገ ስለሚሄድና ቆሻሻውም ብዙ ስለሆነ ከዚያ የሰፋ ገንዳ ይፈልጋል።

መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ሲቆም ደግሞ ሻይ ቤቶቻችንን እናስታውስ። ሻይ ቀጂው ከፍ አድርጎ ሲያንቆረቁር ሻዩ አረፋ ይሠራል፤ አረፋው አየር ነው። እኛም የገንዳውን ውሃ በጣሳ እየጨለፍን ከአንድ ክንድ ከፍታ ቀስ ብለን መልሰን እናንቆርቁረው። በየሩብ ሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ ብናደርገው ብዙ ይረዳል።

መ. ምልክቱና መፍትሔው

ውሃ መመርመሪያ ኬሚካል በየትምህርት ቤቱ አይገኝም። ዓይንና አፍንጫ ግን የሌለው የለም።

1. ውሃው እንደ አጓት ከነጣ፦ በአዲስ ገንዳ ወይም ብዙ ምግብ በተጣለበት ገንዳ ባክቴሪያ ውሃው ውስጥ ሲረባ የሚታይ ነው። ምግብ እንቀንስ፤ ጥቂት ውሃ እንቀይር፤ እንታገሥ። ገንዳውን መገልበጥ ነገሩን እንደገና ከሀ መጀመር ነው።

2. ውሃው አረንጓዴ ከሆነ፦ ጥቃቅን አልጌ ነው። ፀሐይና ናይትሬት በዝቶለታል። ገንዳውን ከመስኮት እናርቀው፤ ውሃ እንቀይር፤ የውሃ ተክል እንጨምር።

3. ውሃው ከሸተተ፦ የሞተ ዓሣ ወይም የበሰበሰ ምግብ ከድንጋይ ሥር አለ ማለት ነው። ፈልጎ ማውጣት ነው።

4. ዓሣው ላይ ላዩን እየሄደ አፉን ከከፈተ፦ ኦክሲጅን አንሷል፤ ወይም አሞኒያና ናይትራይት በዝቷል። ይህ የማይቀጠር ነገር ነው። ምግብ ማቆም፤ ከውሃው ሲሶውን ክሎሪኑ በወጣለትና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ መቀየር፤ አየር መስጠት፤ በማግሥቱ መድገም። ናይትራይት ነው ብለን ከጠረጠርን በአንድ ሊትር 1 ግራም ያህል የገበታ ጨው ቀድሞ ተሟሙቶ ቢጨመር መርዙ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዛል።

5. ዓሣው ድንገት ከተወራጨ፦ ክፍሉ ውስጥ ፍሊት ተነፍቶ እንደሆነ እንጠይቅ። የአየር መንፊያው የክፍሉን አየር ስቦ ውሃ ውስጥ ያስገባል። ሳሙና የነካ እጅና ባልዲም እንደዚሁ ነው። ለገንዳው የተለየ ባልዲ ይኑረው።

ስለ ምግብም አንድ ቃል። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪ መጣል ልማድ ሆኗል። ዓሣው የማይጨርሰው ፍርፋሪ ግን በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም። ከረሃብ ይልቅ ጥጋብ የገደለው የገንዳ ዓሣ ይበልጣል።

ሠ. ውሃ መቀየር በሒሳብ

ገንዳው 60 ሳንቲሜትር ቢረዝም፣ 30 ቢሰፋ፣ ውሃው 25 ድረስ ቢሞላ፣ 60×30×25 = 45,000 ኪዩቢክ ሳንቲሜትር፣ ማለትም 45 ሊትር ነው። ሩቡ 11 ሊትር ግድም ነው፤ የ20 ሊትር ጀሪካን እኩሌታ ትንሽ ያልፋል። በየሳምንቱ ይህን ያህል መቀየር ከበድ አይልም።

በሳምንት 10 ሚሊግራም ናይትሬት በሊትር ይጠራቀማል እንበል። ምንም ካልቀየርን በ10 ሳምንት 100 ይሆናል። በየሳምንቱ ሩቡን ከቀየርን ግን ሦስት አራተኛው ይቀርና 10 ይጨመርበታል፤ እየዋለ እያደረ 40 ላይ ይቆማል። የ40 ሦስት አራተኛ 30 ነው፤ 10 ሲጨመር ተመልሶ 40! ግማሹን ብንቀይር 20 ላይ ይቆማል። ይህን ለተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ማሳየት ይቻላል።

«ታዲያ ሙሉውን ብንቀይር ዜሮ አይሆንም?» የሚል ይኖራል። ይሆናል፤ ዓሣው ግን አይችለውም። ለወራት ያልተቀየረ ውሃ ቀስ በቀስ ወደ አሲድነት ያዘነብላል፤ ዓሣውም ቀስ በቀስ ይለምደዋል። አሞኒያ ደግሞ በውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ መርዛማ፣ ሌላው የቀለለ። በ20 ዲግሪ፣ ፒ ኤች 7 በሆነ ውሃ ውስጥ መርዛማው ከመቶ 0.4 ያህል ብቻ ነው፤ ፒ ኤች 8 ሲሆን ወደ 4 ከመቶ ይወጣል፤ 9 ሲሆን 28 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የቆየውን ውሃ በአንድ ጊዜ በአዲስ የቀየረ ሰው ጠባዩን ድንገት ይገለብጠዋል፤ የተደበቀውንም መርዝ ይቀሰቅሳል። «ንጹሕ ውሃ ገደለብኝ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ጥቂት ጥቂት፣ ግን ሳያቋርጡ መቀየር ነው መልካሙ።

ረ. ከገንዳው እስከ ሐይቁ

«መምህር ሆነን ስንወጣ አኳሪየም ምን ይሠራልናል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ገንዳ ትንሽ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ሐይቅ ላይ የተዛመተው እንቦጭ ጣናን ያለበሰው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባውን ናይትሬትና ፎስፌት እየተመገበ ነው። ምንጣፉ ሲወፍር ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ይታፈናል። የገንዳችን አረንጓዴ ውሃ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ሐይቁን ያላየ የገጠር ተማሪ በአንዲት የመስታወት ዕቃ ትርፍ ምግብ ውሃን እንዴት እንደሚያበላሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያይ ይችላል።

ከዚሁ ጋር ሁለት ማስጠንቀቂያ። እንቦጭ አበባው ያምራል ብለን ለገንዳ ማስዋቢያ ከቦታ ቦታ አንውሰድ። የሰለቸንንም ዓሣ ወንዝ ውስጥ አንልቀቅ፤ ባዕድ ዓሣና በሽታው ለአገሩ ዓሣ ጠንቅ ነው።

ሰ. ሐሳባችን

እንግዲህ በጠቅላላው ጽዳት ስለ ገንዳው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ገንዳው አይገልበጥ። ከውሃው ሩቡ ብቻ ይቀየር።

ሁለተኛ፣ ስፖንጁና ቀይ አሹ ከገንዳው በተቀዳው በዚያው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርገው ይመለሱ። ኦሞና ሳሙና አጠገባቸው አይድረስ። ስፖንጁና ጠጠሩ በአንድ ቀን አይነኩ፤ በየተራ ይሁን።

ሦስተኛ፣ መስታወቱ ከውስጥ በኩል በንጹሕ ጨርቅ ይወልወል፤ ከውጭ እንደፈለጋችሁ አብረቅርቁት።

አራተኛ፣ እኛ ልምምድ ላይ ሳለን ከሚቀሩት የአንደኛ ዓመት ሠልጣኞች ሁለት ተረኛ ይመደብ። ከገንዳው አጠገብ ደብተር ይንጠልጠልና ቀኑ፣ ሙቀቱ፣ የተሰጠው ምግብ፣ የተቀየረው ውሃ፣ የውሃው መልክና ሽታ ይጻፍበት። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ቢመግብ ምግቡ እጥፍ ይሆናልና ደብተሩ የግድ ነው።

አምስተኛ፣ ከእኛ መካከል ወደፊት በሚመደብበት ትምህርት ቤት ገንዳ ለማቋቋም የሚያስብ ካለ፣ ሲሄድ ከዚህ አንድ እፍኝ ቀይ አሽ ከነርጥበቱ ይዞ ይሂድ። መንገዱ ረጅም ከሆነ በሰፊ ዕቃ፣ ጥቂት ውሃ ብቻ ጨምሮ፣ አየር እንዲያገኝ ክዳኑን ሳያጠብቅ ይያዘው።

መምህሮቻችን ይህን ተመልክተው ማረሚያ ካላቸው እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉልን በትሕትና እንጠይቃለን። ጽዳቱ ግን በዚህ ሳምንት መጨረሻ ስለሆነ፣ ባልዲ ይዞ ወደ ገንዳው የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ያንብብ።